ለጋራ ደናችን ሦስት ስልክ ተሰጠን፤ ከየት እንጀምር?

ጥያቄው የመጣው በጎንደር አካባቢ ካለው የላይ አርማጭሆ ወረዳ ነው። የአንድ ቀበሌ የደን ተጠቃሚዎች ማኅበር ጸሐፊ እንዲህ ሲሉ ጽፈዋል፦ «140 ሄክታር ገደማ የጋራ ደን አለን። ጽድ፣ ወይራና ብሳና ይበዛበታል፤ ጥቂት ዋንዛም አለ። አምና አንድ ፕሮጀክት ሦስት ስማርት ስልክ ሰጥቶን ሄደ፤ ምን እንደምንሠራበት ግን በቅጡ አላሳየንም። ሳተላይት ቆራጩን ያሳያል ይባላል፤ እውነት ነው? የትኛውን አፕ እንጫን? ከአባሎቻችን ብዙው ማንበብና መጻፍ አይችልም፤ ደኑ ውስጥ ኔትወርክ የለም።»

መጀመሪያ የሳተላይቱን ነገር እናጥራው፤ ብዙ ማኅበራት ተስፋቸውን የሚጥሉት እዚያ ላይ ነውና። ሳተላይት ቆራጩን አያሳይም። በነፃ ከሚገኙት ምስሎች ጥሩ የሚባለው ሴንቲኔል 2 የተባለው የአውሮፓ ሳተላይት ነው፤ የምስሉ አንዷ ነጥብ መሬት ላይ 10 ሜትር በ10 ሜትር ትሸፍናለች፤ አንዱን ቦታ በየ5 ቀኑ ይመለስበታል። የአሜሪካኖቹ ላንድሳት ደግሞ 30 በ30 ነው። ይህ 900 ካሬ ሜትር ማለት ነው፤ አንድ ቤት ከነጓሮው ይገባበታል። አሁን ደንዎን ያስቡት። ለምሰሶ የሚፈለግ ጽድ ተመርጦ፣ ከትልልቆቹ ሥር፣ አንድ እዚህ አንድ እዚያ ነው የሚወድቀው። የወደቀበትን ክፍተት የጎረቤቶቹ ቅርንጫፍ ይሸፍነዋል። በአንድ በጋ 60 ጽድ ቢወጣ ከሰማይ ለሚያየው ደኑ እንደ አምናው አረንጓዴ ነው።

በዚህ ላይ ደግሞ የትርጉም ጉዳይ አለ። በአገራችን ለቆጠራ የሚያገለግለው የደን ትርጉም ስፋቱ ቢያንስ 0.5 ሄክታር፣ የዛፉ ቁመት ቢያንስ 2 ሜትር፣ የዛፉ ጥላ መሬቱን ቢያንስ 20 በመቶ የሸፈነ የሚል ነው። ስለዚህ የእናንተ ደን ጥላው ከ80 በመቶ ወደ 25 ቢወርድ በወረቀት ላይ አሁንም «ደን» ነው፤ ጠፋ ብሎ የሚመዘግበው የለም። ጽዱ አልቆ ቁጥቋጦ ሲቀርም እንደዚያው። ያንን መሳሳት ሊያይ የሚችለው በእግሩ የሚገባበት ሰው ብቻ ነው፤ ለዚህም ነው ሥራው የእናንተ የሚሆነው።

ይህን ስል ሳተላይት አይረባም ማለቴ አይደለም። ምንጣሮን፣ ከዳር እየተገፋ የሚመጣ እርሻን፣ ሰፊ ቃጠሎን በደንብ ያሳያል። ግሎባል ፎረስት ዋች የሚባለው እ.ኤ.አ. በ2014 የተጀመረ ድረ ገጽ ዛፍ የጠፋበት የመሰለውን ቦታ በነጥብ እያመለከተ ያወጣል። ከእሱ ጋር የሚሠራው ፎረስት ዋቸር የተባለው አፕ የወሰናችሁን ካርታና ነጥቦቹን ኔትወርክ ባለበት ከተማ ላይ ጭናችሁ፣ ደን ውስጥ ያለ ኔትወርክ ነጥቡ ድረስ እንድትሄዱ ይመራችኋል። ነገር ግን ነጥቡን እንደ ጥቆማ እንጂ እንደ ፍርድ እንዳታዩት አደራ። ከዓመታት በፊት በአንድ ደን ዳር ነጥቦች ተሰብስበው አይቼ ከኮሚቴው ጋር ሁለት ሰዓት ያህል በእግር ሄደን ነበር። ስንደርስ ያገኘነው አንድ ገበሬ የራሱን ባሕር ዛፍ ቆርጦ አጣናውን አህያ ላይ ሲጭን ነው። ሥርዓቱ የተተከለውን ከጥንቱ ደን አይለይም፤ ባሕር ዛፍ ደግሞ ተቆርጦ፣ አቆጥቁጦ፣ እንደገና የሚቆረጥ ነገር ነው። እንደ ጎንደር አካባቢ ባለ አገር ይህ ጥቆማ በየጊዜው ይመጣል። ሌላው ደመናው ነው፤ ከሰኔ መገባደጃ እስከ መስከረም ሰማዩ ስለሚዘጋ የክረምቱን ጉዳት የምታዩት መስቀል ካለፈ በኋላ ነው።

እንግዲህ ወደ ዋናው ልምጣ። «የትኛውን አፕ እንጫን» ከማለታችሁ በፊት ማኅበሩ ተሰብስቦ አንድ ነገር ይወስን፦ ምን ማወቅ እንፈልጋለን? ስናውቀውስ ምን እናደርጋለን? ለሁለተኛው መልስ የሌለውን ነገር አትቁጠሩ። ወፉንም፣ ቅጠሉንም፣ አፈሩንም መዝግቡ እየተባለ 70 ጥያቄ ያለው ቅጽ ተሰጥቷቸው በሦስተኛው ወር የተዉትን ማኅበራት አይቻለሁ። እኔን ከጠየቃችሁኝ ለመጀመሪያው ዓመት ሁለት ነገር በቂ ነው፦ ጉቶና ወፍ ዘራሽ ችግኝ።

ጉቶ አይዋሽም። ጠባቂ ሊሸፋፍን ይችላል፤ ሊቀ መንበርም ዘመዱን ሊያድን ይችላል፤ ጉቶ ግን የተቆረጠውን ዛፍ ዓይነት፣ ውፍረት፣ ጊዜና መሣሪያ ይዞ ቁጭ ይላል። ጎንበስ ብላችሁ እዩት። አዲስ ከሆነ ዙሪያው ፍላጭ ወይም ብናኝ ይኖራል፤ የጽድ ጉቶ ልቡ ቀላ ያለ ነው፤ ገና ይሸታል፤ ጣት ላይ ይጣበቃል። አንድ ክረምት ያለፈበት ግራጫ ይሆናል፤ ብናኙን ጎርፍ ወስዶታል፤ ስንጥቁ ውስጥ ጉንዳን ገብቷል። ምሳር የቆረጠው ፊቱ ሸርተት ያለና ባለ ብዙ ጠባሳ ነው፤ መጋዝ የቆረጠው ልሙጥ ነው። ይህ ልዩነት ትልቅ ነገር ይነግራችኋል፤ ምሳር ይዞ የሚመጣው ብዙ ጊዜ ለራሱ ቤት የሚፈልግ ጎረቤት ሲሆን መጋዝ ይዞ የሚመጣው ግን ለገበያ የሚሠራ ነው። ወይራ ከሆነ ከጉቶው ሥር ቀንበጥ አውጥቶ እንደሆነ እዩ፤ ከብት ካልጋጠው ወይራ ያቆጠቁጣል። ጽድ ግን አንዴ ከተቆረጠ ከጉቶው አይመለስም። ስለዚህ አንድ የጽድ ጉቶና አንድ የወይራ ጉቶ እኩል ኪሳራ አይደሉም፤ በቅጹ ላይ የዛፉ ስም መለየት አለበት የምለው ለዚህ ነው።

ውፍረቱን ለመለካት ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። የልብስ ሰፊ ሜትር ዙሪያውን ጠምጥማችሁ ያነበባችሁትን ለ3.14 አካፍሉ፤ 63 ሴንቲ ሜትር ዙሪያ ያለው ጉቶ ውፍረቱ 20 ሴንቲ ሜትር ነው። እንዲያውም ማካፈሉን ለስልኩ ተዉት፤ ዙሪያውን ብቻ ጻፉ። የቆመ ዛፍ ስትለኩ ግን በየትም አገር ያለው ልማድ ከመሬት 1.3 ሜትር ላይ ነው፤ አንድ ዱላ 1.3 ሜትር ላይ ቆርጣችሁ ይዛችሁ ዙሩ። የለካችሁትን ጉቶ ደግሞ በቀለም ምልክት አድርጉበት፤ ያለዚያ በሚቀጥለው ዙር ሁለቴ ይቆጠራል።

የት ትቆጥራላችሁ? 140 ሄክታሩን ሁሉ መዞር አያስፈልግም፤ አትችሉትምም። አራት ቋሚ መስመር አውጡ፤ እያንዳንዱ 1 ኪሎ ሜትር ይሁን፤ ከመስመሩ ግራና ቀኝ 10 ሜትር 10 ሜትር እያያችሁ ሂዱ። አንዱ መስመር 2 ሄክታር፣ አራቱ 8 ሄክታር ይሆናሉ፤ ከደናችሁ 6 በመቶ ገደማ ነው። ለምሳሌ በአንድ ዙር 12 አዲስ ጉቶ ብታገኙ በሄክታር 1.5 ነው፤ በ140 ሲባዛ 210 ዛፍ አካባቢ ወጥቷል ብሎ መገመት ይቻላል። ግምት ነው፤ ግን በሚቀጥለው ዙር ከፍ ማለቱን ወይም ዝቅ ማለቱን ለማየት ይበቃል። መስመሩን ግን በእግር መንገድ ላይ እንዳታደርጉት። መንገድ ዳር ያለው ጉቶ በዝቶ ወይም የሚቆርጠው ሰው ከመንገድ ሸሽቶ ውጤቱን ያጣምመዋል። ካርታው ላይ በእኩል ርቀት አሰምሩ፤ ገደልም ጥሻም ቢመጣ በዚያው እለፉ። በየ3 ወሩ አንድ ዙር ይበቃል። ወፍ ዘራሹን ለመቁጠር ደግሞ በመስመሩ ላይ በየ200 ሜትሩ ቆማችሁ፣ የ2 ሜትር ገመድ ከቆማችሁበት ዘርግታችሁ በምታዞሩት ክብ ውስጥ ያለውን የጽድና የወይራ ችግኝ ቁጠሩ። ትልልቅ ዛፍ ሞልቶት ከሥሩ አንድም ችግኝ የሌለው ደን ከብት የያዘው ደን ነው፤ ምሳር ባይነካውም ዕድሜው የተቆጠረ ነው።

አሁን ስልኩ። ለዚህ ሥራ የምመክረው ኮቦ ቱልቦክስ የሚባለውን፣ ቅጽ በስልክ የሚያስሞላ አፕ ነው። መሠረቱ እ.ኤ.አ. በ2008 በዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው ኦዲኬ የሚባለው ነፃ ሶፍትዌር ነው። ቅጹን በአማርኛ ታዘጋጃላችሁ፤ ስልኩ ላይ ትጭናላችሁ፤ ደን ውስጥ ያለ ኔትወርክ ትሞላላችሁ፤ ትክል ድንጋይ ወይም ጎንደር ስትመጡ ራሱ ይልካል። ስልኩ ያለበትን ቦታ የሚለየው ጂፒኤስ ኢንተርኔት አይፈልግም፤ የሚቀበለው ከሰማይ ነው። ብቻ ከጥላ ሥር ይዘገያል። ስልኩ የሚያሳየው የስህተት መጠን ወደ 10 ሜትር እስኪወርድ ቆማችሁ ጠብቁ፤ ችኮላ የማያስፈልግበት ቦታ ነው።

ቅጹ ላይ አንድ ነገር እንዲጠነቀቁ አጥብቄ እለምናለሁ፤ የቀንና የሰዓት ጉዳይ። የአንድ ቀበሌ የሦስት ወር መዝገብ እጄ ገብቶ ነበር። ጠባቂዎቹ የምሳር ድምፅ የሰሙበትን ሰዓት በእጃቸው «3:00»፣ «2:30» እያሉ ሞልተዋል። እኔ ከተማ ተቀምጬ ሰንጠረዡን ስሠራ ኮምፒውተሩ በፈረንጅ ሰዓት ቆጥሮ ከሌሊቱ 9 ሰዓት፣ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ተኩል አድርጎ አነበበው። የሌሊት ቆራጭ አለ ብዬ ጻፍሁላቸው። እነሱም አምነውኝ በዚያ ብርድ ሁለት ሳምንት ሌሊት ሲጠብቁ ከረሙ። ቆራጩ ለካ የሚገባው ጠዋት በ3 ሰዓት፣ ሰዉ ሁሉ ገበያ ሲወርድ ኖሯል። እስካሁን ይቆጨኛል። ስለዚህ ሰዓትን አትጠይቁ፤ ስልኩ ቅጹ የተከፈተበትን ሰዓት ራሱ ይመዝግብ። ሰው መጠየቅ ካለበትም «ጠዋት፣ ቀትር፣ ማታ፣ ሌሊት» የሚል ምርጫ ስጡት። ቀኑን በተመለከተ ደግሞ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ፤ ኦዲኬና ኮቦ የኢትዮጵያን የዘመን አቆጣጠር ያውቃሉ። ቅጹን የሚያዘጋጀው ሰው በቀን ጥያቄው «አፒራንስ» (appearance) ሳጥን ውስጥ በእንግሊዝኛ ፊደል «ethiopian» ብሎ ከጻፈ ስልኩ ላይ መስከረም፣ ጥቅምት እያለ ይመጣል።

ፊደል ያልቆጠሩት አባላት የሥራው ሸክም ሳይሆኑ ጉልበቱ ናቸው። በየቀኑ ደን የሚገባው እረኛ ነው፤ እንጨት የምትለቅመው እናት ናት። በለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የተሠራ ሳፔሊ የሚባል አፕ በሥዕል ብቻ ይሠራል፤ የምሳር ሥዕል ሲነካ ጉቶ፣ የእሳት ሥዕል ሲነካ ቃጠሎ ይመዘግባል። በኮንጎ ደኖች ማንበብ ከማይችሉ ሰዎች ጋር ተሞክሯል። እናንተ ግን አዲስ አፕ ባትጨምሩ እመርጣለሁ፤ ኮቦ ላይም ለእያንዳንዱ ምርጫ ፎቶ ማስገባት ይቻላል። የጽድ ቅጠል፣ የወይራ ቅጠል፣ የብሳና ቅጠል ፎቶ ከራሳችሁ ደን አንሡና አስገቡ። ሥዕሉ ከሌላ አገር የመጣ ከሆነ እረኛው «ይኼ የእኛ ዛፍ አይደለም» ይላችኋል፤ ልክም ነው።

ወሰናችሁን ከስልክ በፊት መሬት ላይ ሣሉት። ሽማግሌዎቹን፣ ሴቶቹን፣ እረኞቹን በአንድ ዋርካ ጥላ ሥር ሰብስቡ፤ በአመድ ወንዙን፣ በጠጠር ወሰኑን፣ በቅጠል ደኑን ያስቀምጡ። የየቦታውን ስም ጠይቁ። «ነጥብ 17» ለማንም ምንም አይናገርም፤ የቦታው ስም ከተጻፈ ግን ስብሰባ ላይ ሁሉም ያውቀዋል። ከዚያ በኋላ ስልክ ይዛችሁ ወሰኑን ዙሩት። ከቢሮ በወረቀት የተሰጣችሁ የወሰን ቁጥር (ኮኦርዲኔት) ካለ ደግሞ በምን መለኪያ እንደተሠራ ጠይቁ። የድሮ ካርታዎቻችን አዲንዳን በሚባለው ሥርዓት የተሠሩ ናቸው፤ ስልክ የሚሠራው ደብሊው ጂ ኤስ 84 በሚባለው ነው። ሳይቀየር እንዳለ ስልኩ ላይ ከገባ ቁጥሩ ወደ ደቡብ 200 ሜትር ያህል ይንሸራተታል። ይህ በዓይኔ ፊት ሆኗል። አንድ አባት ስልኩን ተቀብለው አየት አደረጉና «ልጄ፣ መሣሪያህ ወንዙን ከማዶ አድርጎታል እኮ» አሉኝ። እስክናስተካክለው ድረስ ወሰኑ በጎረቤት ቀበሌ ገብስ መሐል እንደሚያልፍ ተወርቶ ሰው ዱላ ይዞ ወጥቶ ነበር። በአርማጭሆ የወሰን ነገር ቀልድ እንዳልሆነ እርስዎ ከእኔ በላይ ያውቃሉ።

መረጃው ማን ዘንድ ይቀመጥ የሚለው ላይ ጠንከር ያለ አቋም አለኝ። መጀመሪያ ለእናንተ ጉባኤ ይቅረብ፤ ከዚያ ለወረዳ። የደን አዋጅ ቁጥር 1065/2010 የማኅበረሰብ ደንን እንደ አንድ የባለቤትነት ዓይነት ያውቃል፤ ባለቤት ደግሞ የራሱን መዝገብ መያዝ አለበት። በየዙሩ የተገኘውን ቁጥር በትልቅ ወረቀት ጽፋችሁ ሰው በሚሰበሰብበት ለጥፉ። የሰው ፊት ግን ፎቶ አታንሡ፤ የሰው ስም ቅጹ ላይ አታስገቡ። በዚህ ጊዜ ስልክ ላይ የተገኘ ስምና ቦታ በማን እጅ ገብቶ ለምን እንደሚውል አይታወቅም፤ የጠባቂውም ደኅንነት ያሳስበኛል። ጉቶን መዝግቡ፤ ሰውን በመተዳደሪያ ደንባችሁ፣ በሽማግሌ ፊት አነጋግሩ። ፎቶ በቴሌግራም የምትላላኩ ከሆነ «ፋይል» አድርጋችሁ ላኩ፤ በተራው መንገድ ሲላክ ጥራቱም የተነሣበት ቦታ መረጃም ይጠፋል። በተራው መንገድ መላክ ግን የማትፈልጉት ሰው ቦታውን እንዳያውቅ መላ ነው፤ እንደ ሁኔታው ተጠቀሙበት። ድሮን ብንገዛ ለሚሉ አባላት ደግሞ ያለ ፈቃድ ማስነሣት እንደማይቻል ንገሯቸው፤ ገንዘቡን ለፓወር ባንክና ለጫማ አውሉት።

እናቶችን በተመለከተ፦ ክትትል ሲጀመር መጀመሪያ የሚያዘው የደረቀ እንጨት የተሸከመችው ሴት ናት፤ ለዓይን የምትቀርብ እሷ ናትና። ደረቅ መልቀም በደንባችሁ ከተፈቀደ ቅጹም አይቁጠረው። እሷ ከተሳደደች ማን መጋዝ ይዞ እንደገባ የሚነግራችሁ አይኖርም።

የውሎ አበልም ነገር መነሣቱ አይቀርም። በነፃ ይሠራ የሚለውን አልደግፍም። አንድ ሰው የእርሻ ቀኑን ትቶ አራት ኪሎ ሜትር ጥሻ ለጥሻ ሲሄድ የዋለበት ሊታሰብለት ይገባል። ግን ከፕሮጀክት ኪስ ብቻ ከሆነ ፕሮጀክቱ ሲወጣ ሥራው ይሞታል። ማኅበሩ ከሣር ሽያጭ፣ ከማር ወይም ከመዋጮ ትንሽም ቢሆን ራሱ ይክፈል። ደኑ ከአየር የሚያምቀውን ካርቦን ሸጠን እንከፍላለን የሚል ቢመጣ 140 ሄክታር ብቻውን የማረጋገጫውን ወጪ እንኳ እንደማይሸፍን አስቡት፤ ከሌሎች ማኅበራት ጋር ከተጣመራችሁ ሌላ ነገር ነው።

የገበሬ መረጃ ይታመናል ወይ ለሚሏችሁ ባለሙያዎች መልስ አለ። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2010 በመዘገበው የካፋ ባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ የአካባቢው ሰዎች በስማርት ስልክ የመዘገቡት ከላንድሳት ምስል ጋር ተገናዝቦ ተጠንቷል። ሳተላይቱ የለውጡን ስፋት ሲሰጥ ሰዎቹ ምክንያቱንና ከሰማይ የማይታየውን ትንሽ ጉዳት ሰጥተዋል። አንዱ ያለ ሌላው ጎዶሎ ነው።

ይህን የሚያነቡ የመተማና የቋራ ሰዎች ካላችሁ የእናንተ ነገር ይለያል። የእጣን ዛፉ በበጋ ቅጠሉን ስለሚያራግፍ ሳተላይት ደን ጠፋ ብሎ ሊያስደነግጣችሁ ይችላል፤ ለእናንተ የሚጠቅመው የናሳ የእሳት ጥቆማ ነው፤ ፈርምስ ይባላል፤ በኢሜይል በነፃ ይመጣል። 375 ሜትር ስፋት ባለው ነጥብ የሚያሳየው ሳተላይት ከቀኑ 7 ሰዓት ተኩልና ከሌሊቱ 7 ሰዓት ተኩል ገደማ ያልፋል፤ በመካከል ተነሥቶ የጠፋ እሳት ሊያመልጠው ይችላል። የዛፉን ጤና ግን የሚነግራችሁ እጣን ለማውጣት በአንድ ግንድ ላይ የተደረገው ቁስል ብዛት ነው።

የቤተ ክርስቲያን ዐጸድ ያላችሁም እንዲሁ። እዚያ ግዝት አለ፤ ምሳር አይገባም፤ ችግሩ ከዳር የሚገባው ከብትና በውስጥ የሚተከለው ባሕር ዛፍ ነው። ለዚያ ጉቶ ሳይሆን ችግኝ ቁጠሩ፤ በየዓመቱ ከአንድ ድንጋይ ላይ ቆማችሁ በአራቱም አቅጣጫ ፎቶ አንሡ።

ለእርስዎ ማኅበር የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው፦ በዚህ ወር የመሬት ላይ ካርታውን ሥሩ፤ በሚቀጥለው ወር አራቱን መስመር አውጡና የስልኩን ቅጽ ሳይሆን ወረቀት ይዛችሁ አንድ ዙር ሂዱ። የጎደለውን የሚነግራችሁ ያ ዙር ነው። ስልኮቹን ከዚያ በኋላ አውጡ። ሦስቱን ስልክ ሊቀ መንበሩ ቤት አታስቀምጡ፤ አንዱ ከሴቶቹ ወገን ይሁን። የመጀመሪያውን ዙር የጉቶ ቁጥር፣ በዛፍ ዓይነት ለይታችሁና ምሳር ወይም መጋዝ ብላችሁ ጽፋችሁ ላኩልኝ፤ ሰንጠረዡን አብረን እንሠራዋለን፤ በዚህኛው ጊዜ ሰዓቱን ሁለቴ አይቼ።